ለከተራ ሌሊት የሚበራ የኤልኢዲ ጽሑፍ፦ ከስድስት ሰዓት በኋላ ራሱን እንዲያጠፋ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ጎንደር የሰፈራችን ወጣቶች፣ ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር በሚወርዱበት መንገድ ዳር «ጥምቀት» የሚለውን ቃል በ64 ቀይ ኤልኢዲዎች ጽፈን ለማቆም ተስማምተናል። መብራት ቢጠፋም እንዳይጨልምብን ኃይሉን ከ12 ቮልት የሞተር ሳይክል ባትሪ እንወስዳለን። ጽሑፉ በየሴኮንዱ ብልጭ ድርግም እያለ ቆይቶ፣ ምሽት ላይ በእጅ ካበራነው ከስድስት ሰዓት በኋላ በራሱ እንዲጠፋ ነው የምንፈልገው። ሁለቱንም በ555 አይሲ (ጊዜ በሚለካው ትንሽ ቺፕ) ብቻ መሥራት ይቻላል?

መልስ፦ ብልጭታውን በ555 ይሥሩት። በፒን (በአይሲው እግር) 8 እና 7 መካከል 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ በፒን 7 እና 6 መካከል 68 ኪሎ ኦም ያግቡ፤ ፒን 2 እና 6 ተገናኝተው በ10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ወደ ኔጌቲቭ ይሂዱ። እንዲህ ከሆነ ግማሽ ሴኮንድ ገደማ በርቶ ያንኑ ያህል ይጠፋል። ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ገደማ ስለሚወስድ አራት አራቱን በተከታታይ አያይዘው፣ ለእያንዳንዱ መስመር የራሱን 270 ኦም ሬዚስተር ቢሰጡት 15 ሚሊ አምፔር ያህል ያልፍበታል። አሥራ ስድስቱ መስመሮች በድምሩ 240 ሚሊ አምፔር ይፈልጋሉ፤ የ555 ከፍተኛው አቅም ግን 200 ስለሆነ፣ ኤልኢዲዎቹን በቀጥታ ሳይሆን በአይአርኤፍዜድ44ኤን ሞስፌት (እንደ ማብሪያ ማጥፊያ በሚያገለግል ትራንዚስተር) በኩል ያብሯቸው።

ሌላ መልስ፦ ስድስቱን ሰዓት ግን ለ555 አይስጡት። የ1000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ቢጠቀሙ እንኳ 20 ሜጋ ኦም ያህል ሬዚስተር ያስፈልጋል፤ በዚያ ላይ የካፓሲተሩ የውስጥ ፍሳሽ ከሚሞላው ጅረት ጋር ስለሚስተካከል ሰዓቱ ፈጽሞ አይታመንም። ሲዲ4060 የተባለው ቆጣሪ ለዚህ ሥራ ይበልጣል፤ ፒን 3 ከ8192 ምት በኋላ ከፍ ስለሚል አንዱን ምት 2.64 ሴኮንድ ማድረግ ይበቃል። በፒን 9 ላይ ዋልታ የሌለው የ1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር፣ በፒን 10 ላይ 1 ሜጋ ኦም ከ500 ኪሎ ኦም ተስተካካይ ሬዚስተር ጋር በተከታታይ፣ በፒን 11 ላይ 4.7 ሜጋ ኦም ያግቡና የሦስቱን ሌላኛ ጫፍ አንድ ላይ ያያይዙ። ከፒን 3 ወደ ፒን 11 የሚያልፍ ዳዮድ (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ቆጠራውን ያቆመዋል፤ ያው ፒን 3 በ10 ኪሎ ኦም በኩል የኤንፒኤን ትራንዚስተር ሲከፍት፣ ትራንዚስተሩ የ555ን ፒን 4 ወደ ኔጌቲቭ ይስበዋል፤ ያኔ ጽሑፉ ይጠፋል። ፒን 4 በሌላ 10 ኪሎ ኦም ከፖዘቲቭ ጋር መገናኘቱን አይርሱ።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስድስት ሰዓት ሳንጠብቅ እንዴት እንፈትነው?

መልስ፦ በሲዲ4060 ፒን 7 ላይ ኤልኢዲ በ4.7 ኪሎ ኦም አያይዘው፣ ኤልኢዲው አንዴ ከበራ በኋላ ጠፍቶ እንደገና እስኪበራ ያለው ጊዜ 42 ሴኮንድ (የ16 ምት ጊዜ) እስኪሆን ተስተካካዩን ያዙሩ። ሕዝብ በሚተላለፍበት ቦታ ስለሚቆም ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ የ1 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ።