ክርክር፦ የዳኑንዚዮ ልቦለድ ለፋሺዝም መንገድ ጠርጓል?

ፒያሳ፦ ጉዳዩ ይኸው። ጣሊያናዊው ጋብሪኤሌ ዳኑንዚዮ እ.ኤ.አ. በ1889 «ተድላ» የሚል ልቦለድ አሳተመ። ጀግናው አንድሬያ ስፔሬሊ ሥራው ውበት ማሳደድ ብቻ ነው፤ ሴት፣ ሥዕል፣ ጥንታዊ ዕቃ። «ዲካደንስ» የሚሉት ነገር ይኼ ነው። ሮም ውስጥ ሠረገላው በሕዝብ ይዘጋበታል። ሕዝቡ ለምን የወጣ ይመስላችኋል? ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ጦሩን ደምስሰውበት! ስፔሬሊ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ለአራት መቶ አውሬዎች፣ በአውሬ አሟሟት ለሞቱት!» ስለ ገዛ ወታደሮቹ እኮ ነው። ለእኔ ፋሺዝም እዚህች ጋ ይሸተኛል።

ቀበና፦ ኧረ ቆይ! ፋሺስት ቢሆን «ሐውልት አቁሙላቸው» ይል ነበር። ይኼ ሰውዬ አገር ምናምን አይገባውም። ደሞ መጨረሻውን አንብበኸዋል? የወደዳት ሴት ዕቃ በሐራጅ ይሸጣል። ተሸካሚዎች ቁም ሣጥን ይዘው ደረጃ ሲወጡ እሱ ከኋላቸው ነው። ማለፍ አይችልም። ከሣጥኑ ኋላ ቀስ እያለ፣ አንድ አንድ ደረጃ ይወጣል። ደራሲው እኮ እያዋረደው ነው።

ፒያሳ፦ እሺ፣ እሷን ሰጠሁሽ። ደራሲው ራሱስ? በ1919 ፊዩሜ የምትባለውን ከተማ (የዛሬዋን የክሮኤሺያ ሪዬካ) በታጣቂ ይዞ ከሰገነት ይደሰኩራል። ጥቁር ሸሚዝ፣ የተዘረጋ ክንድ፣ «ኤያ ኤያ አላላ» የሚል ጩኸት። ሙሶሊኒ ይኼን ሁሉ እንዳለ ወሰደው። ለስፔሬሊ ሰው ዕቃ ነበር፤ ፊዩሜ ላይ ሕዝቡ ራሱ የመድረክ ዕቃ ሆነ።

ሜሪላንድ፦ ፊዩሜ ልቦለድ አይደለም ወገን። ሰውዬው በ1897 በቀኝ በኩል ፓርላማ ገብቶ፣ በ1900 ወደ ግራ የዞረ ነው። ዲካደንስ ፋሺስት የሚያደርግ ቢሆን የዲካደንሱን አየርላንዳዊ ደራሲ ኦስካር ዋይልድን ምን ልናደርገው ነው? «ጦርነት ውብ ነው» ብሎ የጻፈው ጣሊያናዊው ገጣሚ ማሪኔቲ ነው፤ ያውም የእኛን የ1935ቱን ጦርነት ይዞ። እሱ ደግሞ ፊቱሪስት ነው፣ አሮጌ ነገር የሚጠላ።

ፒያሳ፦ ዳኑንዚዮም ያንኑ ወረራ ደግፎ ጽፏል። የመጽሐፉ ርእስ «አፍሪካ፣ ያዝኩሽ» ነው፤ በላቲን፣ ለማስዋብ። ዶጋሊን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያጣጣለ ብዕር!

ቀበና፦ ሽማግሌውን ክሰሰው፣ አልከራከርህም። የ25 ዓመቱ ልጅ የጻፈውን ግን በሽማግሌው ኀጢአት አታንብብልኝ።

ፒያሳ፦ እሺ፣ ከሠረገላው ጀምሬ እንደገና አነበዋለሁ። ቁም ሣጥኑ ጋ ስደርስ እንነጋገራለን።