በጉዲፈቻ ፈረንሳይ የሄደች ልጅ ቤተሰቧን ልትጠይቅ ድሬዳዋ ልትመጣ ነው፤ ምን እናዘጋጅ?

የከዚራ ጥላ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ሳቢያን ሠፈር ለሚኖር አንድ ቤተሰብ ከፈረንሳይ የሚመጣለትን ደብዳቤ እየተረጎምኩ ነው። ስም አልጽፍም። ልጅቷ በ1999 ዓ.ም. በሦስት ዓመቷ በአንድ ማሳደጊያ በኩል በጉዲፈቻ ሄደች። አባቷ ቀድመው ሞተዋል፤ ፈርመው የሰጧት እናቷ ናቸው። ያኔ ደቻቱ ወንዝ ዳር ነበሩ፤ ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ ነው ከዚያ የለቀቁት። አሁን ልጅቷ አድጋለች፣ ከአሳዳጊ እናትና አባቷ ጋር ለመጪው ጥር ልትመጣ ነው።

የቸገረን ይሄ ነው። እናትየዋ የወለድኳት በ1996 የጥምቀት ማግስት ነው ይላሉ። የፈረንሳዩ ወረቀት ደግሞ ሜይ 12 ቀን 2004 ይላል። ወደ አራት ወር ይራራቃል፤ ታላቅ ወንድሟ «ሌላ ልጅ ብትሆንስ?» እያለ ነው። በምን እናረጋግጥ? ዲኤንኤ የግድ ነው ወይ? በሕግስ ዛሬ ለእናትየዋ ምናቸው ናት? የመገናኛውን ቀን በተመለከተም ምክር እንፈልጋለን፤ ቤተሰቡ ድንኳን ጥሎ ሠፈሩን ሁሉ ሊጠራ አስቧል።

መዝገብ ቤት፦

ወንድም፣ በቀኑ አትደናገጡ። እንዲያውም ቀኑ ነው ልጅቷ እሷ መሆኗን የሚመሰክረው። የ1996 የጥምቀት ማግስት ጥር 12 ነው። ያኔ ወረቀቱን የሞላው ሰው «12/5/1996» ብሎ ጽፎታል፣ ጥር አምስተኛ ወር ስለሆነ። ተርጓሚው ዓመቱ ላይ 8 ደምሮ 2004 አደረገና 5ቱን እንዳለ ሜይ ብሎ አነበበው። በትክክል ቢመለስ ጃንዋሪ 21 ቀን 2004 ይሆን ነበር። በጉዲፈቻ ፋይሎች ውስጥ እንዲህ ያለ ስህተት ብዙ ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት የተወለዱት ላይ ደግሞ ወሩ በትክክል ቢመለስ እንኳ 7 መደመር ሲገባው 8 ተደምሮ ልጁ በአንድ ዓመት አንሶ ይገኛል። እናትየዋ ያሉትና ወረቀቱ «12» እና «5» ላይ መግጠማቸው በአጋጣሚ የሚሆን አይመስለኝም። ለወንድሟ በወረቀት ላይ ቁጭ አድርገህ አሳየው።

ቢሆንም በአንድ ቀን ብቻ አትርኩ። አሳዳጊዎቹ እጅ ሙሉ ማኅደር መኖር አለበት፦ የጉዲፈቻ ውሉ፣ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ፣ ከቀበሌ የተጻፈው ደብዳቤ፣ ማሳደጊያው ስለ ልጅቷ ያዘጋጀው ታሪክ፣ የጤና ምርመራ፣ የወጣችበት የኢትዮጵያ ፓስፖርት። በስካን ይላኩላችሁ። አደራ፣ የፈረንሳይኛውን ትርጉም ሳይሆን የአማርኛውን ዋና ቅጂ ጠይቁ፤ ስሞች የሚበላሹት ትርጉም ላይ ነው።

ለጉዞ ተብሎ በወጣው የልደት ምስክር ወረቀት አትመሩ። እሱ ላይ የልጅቷ ስም ከአሳዳጊው አባት ስም ጋር ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ትውልድ ቤተሰቧ የሚነግራችሁ ነገር ላይኖር ይችላል። ማየት ያለባችሁ ውሉን ነው፦ የእናትየዋ ስም እስከ አያት፣ ፊርማቸው ወይም የጣት አሻራቸው። ቀጥሎ የቀበሌውን ደብዳቤ። እሱ ላይ ያለው የቀበሌ ቁጥር የድሮው ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከአሁኑ ጋር ባይገጥም ሐሰት ነው አትበሉ። የምስክሮች ስም ካለበት ወርቅ ነው፤ በሕይወት ያለ አንድ ምስክር ከብዙ ወረቀት ይበልጣል። ልጅቷ ክርስትና የተነሳች ከሆነ ደግሞ 80 ቀኗ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ይውላል፣ የደብሩን መዝገብ አስፈልጉ።

የፍርድ ቤቱን ዋና መዝገብ ማየት ከፈለጋችሁ ድሬዳዋ አትልፉ። የውጭ ጉዲፈቻ ይጸድቅ የነበረው አዲስ አበባ፣ ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ውሳኔው አናት ላይ ያለውን የመዝገብ ቁጥር ያዙ፤ ያለ ቁጥር በስም ብቻ ማስፈለግ አድካሚ ነው። እናትየዋ የውሉ ወገን ስለሆኑ በራሳቸው ማመልከት ይችላሉ። ልጅቷ ሰው ልትወክል ከፈለገች ውክልናውን ፓሪስ ባለው ኢምባሲያችን ታረጋግጥ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይታያል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ ድሬዳዋ የሚሠራው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። (ሐረር ሆናችሁ የምታነቡ፣ ሐረሪ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው እሱን እዩ።) በአንቀጽ 183 መሠረት የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር አይቋረጥም፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ግን የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል። ስለዚህ በእኛ ሕግ ልጃቸው ናት፣ የነዚያም ልጅ ናት።

ፈረንሳይ ግን ሁለት ዓይነት ጉዲፈቻ አለ። «ሳምፕል» የሚባለው የትውልድ ትስስርን ይተዋል፤ «ፕሌኒየር» የሚባለው ሙሉ በሙሉ ይቆርጣል። የኢትዮጵያው ውሳኔ ትስስር ስለማይቆርጥ እዚያ ሲደርስ በመሠረቱ እንደ ሳምፕል ይታያል፤ ወደ ፕሌኒየር የሚለወጠው ለዚያ የሚያስፈልገው ፈቃድ በግልጽና ትርጉሙ ታውቆ ከተሰጠ ነው። ስለዚህ ማኅደሩ ውስጥ የእናትየዋ ፊርማ ያለበት ሌላ የስምምነት ወረቀት ልታገኝ ትችላለህ። ካገኘህ በሰው ፊት አታንብብላቸው። ለብቻቸው፣ ቀስ ብለህ። ብዙ እናቶች ልጁ ተምሮ የሚመለስ መስሏቸው ነው የፈረሙት፤ የወረቀቱን ትርጉም ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንተ አፍ ሊሰሙ ይችላሉ።

ላብራቶሪ ድሬ፦

ሰነዱ ከገጠመ ዲኤንኤ የግድ አይደለም። ከተፈለገ ግን እናትየዋና ልጅቷ ብቻ ይመርመሩ። እናትና ልጅ ግማሽ ለግማሽ ይጋራሉ፣ ውጤቱ አያሻማም። ወንድሟ ቢመረመር ግን የአንድ እናትና አባት ልጆች በአማካይ ግማሽ፣ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ሩብ ያህል ነው የሚጋሩት። ሩብ ከመጣ ጥያቄው ከልጅቷ ወደ አባትየው ይዞራል፣ ማንም ያልጠየቀው ጉዳይ ቤት ውስጥ ይፈነዳል። ይህን እናትየዋ ለብቻቸው ሆነው ሳይፈቅዱ ወንድምና እህት እንዳይመረመሩ።

ሌላው፣ ፈረንሳይ ውስጥ በዳኛ ሳይታዘዝ ወይም የሕክምና ምክንያት ሳይኖር በገዛ ፍላጎት የዘር ምርመራ ማድረግ በሕግ ያስቀጣል፤ መቀጮው 3,750 ዩሮ ነው። ስለዚህ «መመርመሪያ ገዝተሽ ነይ» ብላችሁ አትጻፉላት። እሷ ካነሳችው ትወስን።

አወሳሰዱ ላይ ብዙ ናሙና ይበላሻል። ምራቅ የሚሰበሰብበት አለ፣ ጉንጭ ውስጥ በጥጥ የሚታሽበትም አለ (ማይሄሪቴጅና ፋሚሊትሪዲኤንኤ የሚባሉት መርማሪ ድርጅቶች ሁለተኛውን ነው የሚጠቀሙት)። ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች የሚታሸው ይሻላል፤ አፋቸው ስለሚደርቅ ቱቦውን እስከ መስመሩ መሙላት ይከብዳቸዋል፣ አረፋ ደግሞ አይቆጠርም። ከናሙናው በፊት ቢያንስ 30 ደቂቃ ምግብ፣ ቡና፣ ሲጋራ፣ ማስቲካ የለም። ጫትማ በፍጹም። ከምሳ በኋላ በርጫ (ጫት መቃሚያ) ላይ ከተቀመጠ ሰው ናሙና አትውሰዱ፤ ቢጉመጠመጥ እንኳ የቅጠሉ ፍርፋሪ ጥርስና ድድ መሃል ይቀራል። ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት፣ አፍ በውኃ ተጉመጥምጦ ትንሽ ከተቆየ በኋላ ይወሰድ። ጥጡን ጉንጭ ውስጥ አጥብቃችሁ እሹ፣ መመሪያው የሚለውን ሰኮንድ ሳታሳጥሩ። ጫፉን በጣት አትንኩ። ስም የሚጻፈው ናሙናው ከመወሰዱ በፊት ነው፤ ሁለት ሰው ባንድ ጠረጴዛ ከተመረመረ በኋላ የማን ነው ማለት የለም። ፖስታውን መኪና ውስጥ ወይም ፀሐይ ላይ አትተዉት፣ ማቀዝቀዣ ግን አያስፈልገውም።

የጀጎል አስተርጓሚ፦

ድንኳኑን ተዉት። በመጀመሪያው ቀን ሠፈር አይጠራም። ቤት ውስጥ እናትየዋ፣ የልጅቷ ወንድሞችና እህቶች፣ እንግዶቹና አስተርጓሚው ይበቃሉ። አጎትና አክስት ሁለተኛ ቀን፣ ጎረቤት መጨረሻ። ብዙ ሰው ካለ እናትየዋ ራሳቸው ልጃቸውን ሳይጠግቧት እንግዳ ሲያስተናግዱ ይውላሉ።

ቦታው ሆቴል ሳይሆን የእናትየዋ ቤት ይሁን። ሆቴል ውስጥ እንግዳዋ እሳቸው ይሆናሉ። ሰዓቱ ጠዋት ሦስት ገደማ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ፤ ከዚያ ሁሉም ሄዶ ይረፍ፣ በማግስቱ ይቀጠል። በአንድ ቀን ሁሉንም ለመጨረስ መሞከር ነው ብዙውን ግንኙነት የሚያበላሸው።

አስተርጓሚው ዘመድ አይሁን፤ ወንድምየው ቢተረጉም የሚያሳፍረውን ይዘለዋል። እናትየዋ ሲያዝኑ ወደ ኦሮምኛ የሚመለሱ ከሆነ ኦሮምኛም የሚችል ይፈለግ። የተባለውን እንደተባለ፣ «እኔ» ብሎ ይናገር፣ አያለዝብ።

ሁለቱንም ወገን ቀድማችሁ አዘጋጁ። ለእንግዶቹ እናትየዋ ድምፅ አውጥተው እንደሚያለቅሱ፣ ደጋግመው እንደሚስሙ ጻፉላቸው። ለእናትየዋ ደግሞ ልጅቷ ላታለቅስ፣ ልትደርቅ እንደምትችል ንገሯቸው። ካልተነገራቸው «ጠላችኝ» ብለው ነው የሚያድሩት። አሳዳጊ ወላጆቿን ጥግ አታስቀምጧቸው፤ ከልጅቷ አጠገብ ይሁኑ።

ልጅቷ መጠየቋ የማይቀር ነገር ለምን ተሰጠሁ የሚለው ነው። «ድህነት ነው» ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃትም። ማን ታመመ? ማን ወሰነ? ማሳደጊያው በር ድረስ ማን አደረሳት? ምን ለብሳ ነበር? የአባትየው ሕመም ለመናገር የሚከብድ ከሆነ ምን ያህል እንደሚነገር እናትየዋ አስቀድመው ይወስኑ፤ ውሸት ግን አይነገራት፣ ከማኅደሩ ታገኘዋለች። በቤተሰቡ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የዓይን ሕመም ካለ በወረቀት ጻፉላት። እስከ ዛሬ ሐኪም በጠየቃት ቁጥር «አላውቅም» እያለች ነው የኖረችው።

የአባቷ ፎቶ ካለ ፎቶ ቤት ወስዳችሁ አባዙ፤ ኮፒውን ስጧት፣ ዋናው እናትየዋ ጋ ይቅር። ስልክ አውጥቶ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ የለም፤ ለጎረምሶቹ ከዋዜማው ይነገራቸው። ምግቡ በርበሬ ያልበዛበት ይሁን፤ ለቁርስ ፈጢራ በእንቁላልና በማር ማንንም አያሳፍርም፣ ውኃ የታሸገ።

የከዚራ ጥላ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። ቀኑን ለወንድምየው አስልቼ አሳየሁት፣ ጥርጣሬው ቀለለት። ሁለት ነገር ቀረ። ቤተሰቡ ውስጥ የአምስት ዓመት ወላጅ አልባ ሕፃን አለ፤ «እነሱው ይውሰዱት፣ ከእህቱ ጋር ይደግ» የሚል ሐሳብ ተነስቷል። ገንዘብንም እንዴት እናድርገው?

መዝገብ ቤት፦

የሕፃኑ ነገር በሕግ ተዘግቷል። ፓርላማው ጥር 2010 ላይ ባጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1070/2010 የውጭ ዜጋ ከኢትዮጵያ ልጅ በጉዲፈቻ መውሰድ አይችልም። «በደላላ ይቻላል» የሚል ሰው ከመጣ ገንዘባችሁንም ልጁንም አርቁ። በእንግዶቹ ፊት ደግሞ ጭራሽ አታንሱት፤ ልጅቷ እሷም እንዲህ ተነግዶባት እንደሄደች ሊሰማት ይችላል። ልጁን ማሳደግ የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ዘመድ ካለ ግን መንገዱ ክፍት ነው፤ ዕድሜው 25 የሞላ፣ ባለትዳር ከሆነ ከሁለቱ አንዳቸው የሞላቸው። ከሕፃኑ ሞግዚት (በሕግ ኃላፊው ከሆነው ሰው) ጋር ውል ይፈጸማል፣ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ግን ዋጋ የለውም። ሙስሊም ቤተሰብ ሆነው የልጁ የአባት ስም እንዳይለወጥ የሚሹ በጉዲፈቻ ፈንታ በሞግዚትነት ማሳደግ ይችላሉ።

የጀጎል አስተርጓሚ፦

በመጀመሪያው ጉብኝት ገንዘብ አይጠየቅም፣ በዘመድም በአስተርጓሚም በኩል። ይህን ከመምጣታቸው በፊት ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይስማማ፤ አንድ የአጎት ልጅ ለብቻው ሆቴል ሄዶ «ቸግሮኛል» ካለ ነገሩ ያበቃል። «ልጇን ሸጠች» የሚል ሐሜትም ከዚያው ነው የሚነሳው። በኋላ እነሱ መርዳት ከፈለጉ ለተለየ ነገር ይሁን፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ከሆነ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ፣ ደረሰኙም ይላክላቸው። የአስተርጓሚውን ክፍያ እንግዶቹ ይቻሉ፣ መጠኑም አስቀድሞ ይነገር።

መዝገብ ቤት፦

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ በፈረንሳይ ፓስፖርቷ ቪዛ ይዛ ነው የምትገባው፣ በኢንተርኔት ይወጣል። ወደፊት መመላለስ ከፈለገች ግን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተደነገገው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለው፣ ያለ ቪዛ ያስገባታል። ትውልዷን ከሚያስረዱት ሰነዶች ጥሩው በልጅነቷ የወጣችበት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። ጊዜው ቢያልፍም እንዳትጥለው፣ ዋናውን ከፍርድ ቤቱ ውሳኔ ጋር ይዛ ትምጣ።