በፉጨትና በጭብጨባ የሚቋረጥ ጠቅላላ ጉባኤ

አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤቶች ማኅበር ሰብሳቢ ነኝ። ማኅበሩ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የተቋቋመ ነው። መተዳደሪያ ደንባችን ግን ስለ ስብሰባ ሥርዓት አንድም ነገር አይልም።

የጠቡ መነሻ የውኃ መሳቢያው ሞተር ነው። ምድር ላይ ያሉት «ውኃው ያለ ሞተር ይደርሰናል፤ ለምን እንከፍላለን?» ይላሉ። አራተኛ ፎቅ ያለው ደግሞ ያለ ሞተር ጠብታ አያገኝም። ይከራከሩ፤ ክርክሩ አያስቸግርም። ነገር ግን አንዱ ወገን ሲናገር ሌላው ያጉረመርማል፣ ያፏጫል፤ የራሱ ሰው ሲነሣ ድንኳኑ በጭብጨባ ይናጋል። ባለፈው አንዲት እናት ጽፈው የመጡትን ወረቀት ሳይጨርሱ አጥፈው ተቀመጡ። እኔን ከፉጨቱ ይልቅ የከበደኝ ጭብጨባው ነው፤ ደጋፊን ዝም በል ማለት ወገንተኛ ያሰኛል።

ድምፅ ማጉያውን አስዘጋሁ፤ ጩኸቱ ባሰ። ሽማግሌዎች ገሠጹልኝ፤ ለአፍታ ብቻ ረገበ። «ጉባኤውን እበትናለሁ» ስል ደግሞ መክፈል የማይፈልጉት ደስ አላቸው፤ ካልተወሰነ አይከፈልምና።

በሚቀጥለው ስብሰባ የግድ ድምፅ መስጠት አለብን። ጉባኤውን ሳልበትን፣ ማንንም ሳላስወጣ፣ ተናጋሪው እስኪጨርስ ቤቱን የሚያስታግስ፣ እናንተ ሞክራችሁት የሠራላችሁ ዘዴ ምንድን ነው?