ግራፊኑ ፎይሉን አልሸፍን አለኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በኳርትዝ ቱቦ ምድጃ ግራፊን (አንድ አተም ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ) በመዳብ ፎይል ላይ ላበቅል ስታገል ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። 25 ማይክሮን የመዳብ ፎይል በአሴቲክ አሲድ አጥቤ፣ በ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ በሃይድሮጅን ካቆየሁት በኋላ፣ በ1 ቶር ግፊት በደቂቃ 10 ሚሊ ሊትር ሚቴን (የካርቦን ምንጩ ጋዝ) እና 50 ሚሊ ሊትር ሃይድሮጅን ለ20 ደቂቃ እለቅበታለሁ። የሚበቅለው ነገር ክፉ አይደለም፦ ራማን (በሌዘር ብርሃን የሚደረግ ምርመራ) ላይ የ2ዲ ጫፍ ከጂ እጥፍ ነው፣ ማለትም ነጠላ ንጣፍ ይመስላል፤ ጉድለትን የሚያሳየው የዲ ጫፍ ደግሞ ከቁጥር አይገባም። ችግሩ ፎይሉን አየር ላይ 200 ዲግሪ ሳሞቀው ግማሹ ኦክሳይድ ሆኖ ቀይ ይሆናል፤ ማለትም ያ ክፍል ግራፊን ያልሸፈነው ባዶ መዳብ ነው። ጊዜውን ወደ 40 ደቂቃ ባሳድገውም ተነጣጥለው የበቀሉት የግራፊን ደሴቶች እርስ በርስ አልገጠሙም። ቱቦው የሚያስገባው አየር እንደሌለም አይቻለሁ። የሚቴን ሲሊንደሬ ሊያልቅ ስለሆነ ሁሉንም መሞከር አልችልም፦ መጀመሪያ ሚቴኑን ልጨምር ወይስ ሃይድሮጅኑን ልቀንስ?