የዕቃ መጫኛ ማሽን አውሮፕላን ነክቶ "ምንም የለውም" ተብሎ ቢያልፍ ምን ይደረጋል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንዱ አውሮፕላን ማረፊያ በሻንጣ ጫኝነት ስሠራ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ትናንት ሌሊት አንድ ቦይንግ 787 ጭነን ከጨረስን በኋላ ቤልት ሎደሩን፣ ማለትም ሻንጣ ወደ አውሮፕላኑ የሚያወጣውን ባለ ቀበቶ ማሽን፣ ሳንቀሳቅስ ጎማ የለበሰው ጫፉ ከኋለኛው የዕቃ በር ሥር የአውሮፕላኑን ገላ ሲገፋው ተሰማኝ። ወርጄ በባትሪ ባየው አንድ ስንዝር የምታህል ጥቁር መስመር አገኘሁ፤ በጨርቅ ስጠርጋት ለቀቀች፤ በጣቴ ስዳብሰውም የተሰረጎደ ነገር አልነበረውም። ለአለቃዬ ብነግረው "ምንም የለውም፤ ሰዓት አልፏል" አለኝና አውሮፕላኑ ተነሣ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዓይን የማያየው ጉዳት ሊኖር ይችላል? አሁንስ ምን ላድርግ?

መልስ 1፣ የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሺያን፦
ወንድሜ፣ ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ለአየር መንገዱ የጥገና መቆጣጠሪያ ክፍል ደውል፤ ምክንያቱን ከዚያ በኋላ ታነበዋለህ።

አሉሚኒየም ሲመታ ይሰረጎዳል፤ ምልክቱንም ይዞ ይቀራል። 787 ግን በክብደት ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት ነው፤ ይኸውም በሙጫ የተጣበቁ የካርቦን ክር ንጣፎች ድርብርብ ነው። እንዲህ ያለው ገላ ሲገፋ የውጭ ገጹ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ንጣፎቹ ግን እርስ በርሳቸው ሊላቀቁ፣ ከውስጥ የሚደግፉት ማጠናከሪያዎችም ሊሰነጠቁ ይችላሉ። በተለይ ጎማ የለበሰ ጫፍ ግፊቱን በሰፊው ስለሚያሳርፍ ቀለም ሳይልጥ ውስጡን ሊጎዳ ይችላልና፣ አንተን ያጽናናህ ነገር እኔን ያሳስበኛል። ቦታው በድምፅ ሞገድ በሚሠራ መሣሪያ ሊመረመር ይገባዋል።

አሉሚኒየም ቢሆንም እንኳ ዝም ማለት ምን እንደሚያስከትል ታይቷል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2005 የአላስካ አየር መንገድ ኤምዲ 83 አውሮፕላን ከሲያትል ወደ በርባንክ ተነሥቶ 26,000 ጫማ ገደማ ሲደርስ ገላው ተቀደደ፤ የኦክስጅን ጭንብሎች ወረዱ፤ አብራሪዎቹም በፍጥነት ዝቅ ብለው ወደ ሲያትል ተመለሱ። ቀዳዳው 30 በ15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። አንድ የራምፕ (አውሮፕላን የሚቆምበትና የሚጫንበት ሜዳ) ሠራተኛ ከመነሣቱ በፊት አውሮፕላኑን በተሽከርካሪ ነክቶት ሳይናገር መቅረቱን ያመነው ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉም በሕይወት ተርፈዋል።

መልስ 2፣ የራምፕ ሥራ አሠልጣኝ፦
ቴክኒሺያኑ በተናገሩት እስማማለሁ። አለቃህ የወሰደው ሥልጣን ግን የእርሱ አልነበረም። ጫኝም ሆነ ፎርማን "ምንም የለውም" ብሎ አውሮፕላን ሊያሰናብት አይችልም፤ ፈቃድ ያለው ቴክኒሺያን አይቶ በቴክኒክ መዝገቡ ላይ ጽፎ መፈረም አለበት።

የግጭቱን መነሻ በተመለከተ፣ የቆመ አውሮፕላን ባለበት አይረጋም። ነዳጅና ዕቃ ሲገባበት ዝቅ ይላል፤ ሲራገፍ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የተውከው ክፍተት ሥራው ሲያልቅ ላይኖር ይችላል። ሠልጣኞቼን ማሽኑን ከማንቀሳቀሳቸው በፊት ወርደው ክፍተቱን ዳግመኛ እንዲያዩ፣ የሚጠቁማቸው ሰው ሳይኖርም እንዳይነዱ አጥብቄ የምነግራቸው ለዚህ ነው። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ግምት፣ መፍትሔ ካልተበጀለት በምድር ላይ የሚደርስ ጉዳት ወጪ በ2035 በዓመት ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል።

መልስ 3፣ የቀድሞ ጫኝ፦
መልሶቹ ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን የጠያቂውን ፍርሃት ማንም አላነሣውም። እኔ በሌላ አገር ስሠራ የአውሮፕላን በር በደረጃ ማሽን ጭሬ ወዲያውኑ በማመልከቴ ለሁለት ሳምንት ያለ ደመወዝ ታግጃለሁ። ከዚያ በኋላ በቡድናችን ውስጥ ስለ ግጭት የሚናገር ሰው ጠፋ፤ ግጭቱ ግን አልጠፋም። ሳይሸሽግ የተናገረውን እንደ ሸሸገው ሰው የሚቀጣ ኃላፊ ጉዳትን በገዛ እጁ እየደበቀ ነው። አንተ ግን ወንድሜ፣ የደወልክበትን ሰዓትና ያነጋገርከውን ሰው ጽፈህ ያዝ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጀመሪያውን መልስ እንዳነበብኩ ደወልኩ። ቦታውን፣ የበሩን ቁጥርና ሰዓቱን ጠይቀው መዘገቡ፤ አውሮፕላኑ እንዳረፈ ሳይመረመር እንደማይነሣም ነገሩኝ። ስሜንም ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው።