ቆቦ የሚመረት ሽንኩርት ደሴ ላይ ለምን ይወደዳል?

ሸማች ከደሴ፦
ሰላም ጀመዓ። ቀይ ሽንኩርት እዚሁ አጠገባችን ራያ ቆቦ ይመረታል። ታዲያ ማሳ ላይ ረከሰ በሚባልበት ሳምንት እንኳ ጉልት ላይ ለምን አይወርድም? ነሐሴና መስከረም ላይስ የሚሰቀለው በደላላ ብቻ ነው?

የጅምላ ሰው፦
አብሽር ወንድሜ፤ ደላላው አንዱ ምክንያት ነው፤ የሚብሰው ግን መንገድ ላይ የሚጠፋው ኪሎ ነው። ለስሌት ያህል አንድ ኩንታል ደሴ እስኪራገፍ 3,000 ብር ወጣበት እንበል። 15 ኪሎው በስብሶም በቅሎም ከተጣለ የሚሸጠው 85 ኪሎ ነው። የ30 ብሩ ኪሎ ትርፍ ሳይጨመርበት 35 ብር ከ30 ሳንቲም ገደማ ገባ። የተጣለውንም የሚከፍለው ሸማቹ ነው።

ለምን ይበሰብሳል? ሽንኩርት ከመነቀሉ 2 ወይም 3 ሳምንት ቀድሞ ውሃ ሊቆምለት፣ ቅጠሉ ከግማሽ በላይ ሲተኛ ሊነቀል፣ ከዚያም አንገቱ እስኪደርቅ ከ7 እስከ 10 ቀን ነፋሻ ጥላ ስር ሊቆይ ይገባል። ዋጋው ሲወደድ ግን ሁሉም ይቸኩላል፤ ክብደት እንዲያነሳ እስከ መጨረሻው የሚያጠጣም አለ። እርጥብ አንገት ለሻጋታ የተከፈተ በር ነው። ያ ጆንያ አይሱዙ ላይ ተደራርቦ ሸራ ሲለብስ ያልበዋል፣ የታችኛው ይጨፈለቃል። እኔ ከሁሉ በፊት ቢሠራ የምለው ማሳው አጠገብ ነፋስ የሚያስገባ የማድረቂያ ዳስ ነው።

የመስኖ ባለሙያ፦
የነሐሴው ነገር የጊዜ ጉዳይ ነው። በመስኖ የለማው ምርት አልቋል፤ በክረምት የተተከለውን ደግሞ የቅጠል በሽታ ይመታዋል። ዋጋውን አይቶ ነሐሴ ላይ የሚዘራ ገበሬ ችግኙን 45 ቀን ገደማ መደብ ላይ ያቆያል፣ ከተዛወረ በኋላም 3 ወር ያልፈዋል፤ ሲደርስ ጥር ነው። ሁሉም እንዲሁ ስለሚያደርግ ጥርና የካቲት ላይ ዋጋው ይወድቃል።

ሌላው፣ ከቆቦ አዲስ አበባ የሚሄድ ጭነት በወልዲያ አድርጎ ደሴን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። አዲስ አበባ የተሻለ ከከፈለ መኪናው እዚህ አያራግፍም። ስለዚህ የደሴ ጉልት ዋጋ በአብዛኛው ከአዲስ አበባ በስልክ በሚሰማው ዋጋ ይወሰናል።

ሸማች ከደሴ፦
ዘይትስ? እሱ አንዴ ከወጣ ለምን ቶሎ አይወርድም?

የጅምላ ሰው፦
አይበሰብስማ! የሽንኩርት ነጋዴ ዛሬ ካልሸጠ ነገ ይጥላል፤ ባለ ዘይቱ ግን መጠበቅ ይችላል። ፓልም ዘይት በዋነኛነት ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ የሚመጣ፣ በውጭ ምንዛሪ ቀድሞ የሚገዛ ነው። በጅቡቲ፣ በጋላፊ፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል፤ ነጋዴው በውድ የገዛውን ሳይጨርስ ዋጋ አይቀንስም።

የመስኖ ባለሙያ፦
ሽንኩርት ስትገዙ አንገቱን በጣት ጫን በሉት፤ ከለሰለሰ ተዉት። ላስቲክ ውስጥ አትቋጥሩት፣ ከድንች ጋርም አታስቀምጡት። በደንብ የደረቀ ካገኛችሁ አንድ ጆንያ ለሁለት ሦስት ቤት ተካፈሉና ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ዘርጉት።