ክዳኑ ውስጥ ቀለም ለሚተፋ ብዕር፦ ምን ይገዛ? ለማን ይሰጥ?

የቀለም ብዕራችሁን (ፋውንቴን ፔን) በከፈታችሁ ቁጥር ጣታችሁ ቀለም ይነካል? ኮንቨርተር (ብዕሩ ውስጥ ያለውን ተመልሶ የሚሞላ የቀለም መያዣ) ልቀይር ወይስ ለጠጋኝ ልስጥ እያላችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ ምንም አትግዙ። ክዳኑን እጠቡት።

እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ብዕሬ ተበላሽቷል ብዬ አዝኜ ነበር። ጫፉን ነቅዬ አጠብኩ፣ ቀለም ቀየርኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። በኋላ ሶፍት ጠቅልዬ ክዳኑ ውስጥ ባሽከረክረው ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ለካ ብዕሩ አንድ ቀን ሲወድቅ የረጨው ቀለም እዚያው ተቀምጧል፤ በከደንኩት ቁጥር የብዕሩን አንገት (ጣት የሚያርፍበትን ክፍል) መልሶ ይቀባል። ቀዝቃዛ ውሃና ጠብታ የዕቃ ሳሙና በቂ ነው። ፍል ውሃና አልኮል ግን ፕላስቲኩን ይጎዳሉ።

ታጥቦም ካልተወ ጫፉን ወደ ላይ አቁማችሁ አሳድሩት። ጠዋት ክዳኑ ንጹሕ ከሆነ ጥፋቱ የአያያዝ ሊሆን ይችላል። ኪስ ውስጥ ሲሞቅ ብዕሩ ውስጥ ያለው አየር ይሰፋና ቀለሙን ይገፋዋል። ቀለሙ እያለቀ ሲሄድ ደግሞ አየሩ ስለሚበዛ ይብስበታል። ሞልታችሁ፣ ጫፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ያዙት።

አሁን ወደ ግዢው። ከካርትሪጅ (ቀለም ተሞልቶ ከሚሸጠው መያዣ) እና ከኮንቨርተር መጀመሪያ ካርትሪጅ እመርጣለሁ፤ ጥሩ መመርመሪያ ነው። አዲስ ካርትሪጅ ስታስገቡ መፍሰሱ ካቆመ ጥፋተኛው ኮንቨርተሩ ነው። አዲስ ኮንቨርተር ስትገዙ የብዕሩን የራሱን ያዙ፦ ላሚ ሳፋሪ ለሚባለው ብዕር ዜድ 28፣ ፓይለት ሜትሮፖሊታን ለሚባለው ኮን 40። «ለሁሉም ይሆናል» የሚባለው ለነዚህ አይሆንም። ከቀለም፣ አብዝቶ ለሚያፈስ ብዕር ፔሊካን 4001ን እጠቁማለሁ፤ ቀስ ብሎ የሚወርድ ቀለም ነው። ሼላክ የሚባል ሙጫ ያለበትን የሥዕል ቀለም ግን አታስገቡ፤ ደርቆ መተላለፊያውን ይደፍነዋል።

ቀለሙ የሚወጣው አንገቱ ከሚጠመዘዝበት ጥርስ ከሆነ ጥቂት የሲሊኮን ግሪስ ቀቡት። ቫዝሊን አይተካውም፣ የጎማ ክፍሎችን ያበላሻል። አንገቱን ወደ መብራት አዙራችሁም እዩት። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለች ግሪስ አያድነውም፤ ዋስትናው ካላለቀ ወደ አምራቹ መላክ ይሻላል።

ለጠጋኝ የምሰጠው በውስጡ የጎማ ከረጢት ያለውን የድሮ ብዕር ነው። ከመስጠታችሁ በፊት ከረጢቱን በምን እንደሚያጣብቅ ጠይቁት። «በሼላክ» ብሎ ከመለሰላችሁ ስጡት፤ ሼላክ በሙቀት ስለሚለቅ ወደፊት ሌላ ሰውም ሊፈታው ይችላል። «በሱፐር ግሉ» ብሎ ከመለሰላችሁ ግን ብዕራችሁን ይዛችሁ ውጡ።